የሶሌታው ቀን በግ

እኛ አገር ሶሌታ፣ ማለት የፎቅ ወለል ኮንክሪት፣ በሚሞላበት ቀን በግ ይታረዳል። አንዱ ለእስላሙ፣ አንዱ ለክርስቲያኑ፤ ድስቱም ሁለት ነው። ድሮ ይህን ልማድ እወደው ነበር። አሁን ግንባታ ሳይት ላይ የታሰረ በግ ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።

ወልድያ ያለው ቢሯችን ከእኔ ሌላ ሳይት የምትወጣ ሴት መሐንዲስ አልነበረችውም። አዲስ የተመረቀች ልጅ ስትቀጠር ኃላፊያችንን ነዝንዤ ነዝንዤ መርሳ ለሚሠራው ፎቅ ቤት ተቆጣጣሪ አስደረግኳት። "ለሙከራ ነው፤ ካልሆነላት ቢሮ ትገባለች" አለኝ። እሷ ደግሞ ቢሮ ከመቀመጥ ፀሐይ ቢያከስላት ይሻላታል።

አደራ ያልኳት አንድ ነገር ነው። የበረንዳው ፌሮ ከላይ በኩል መቆየት አለበት። ሠራተኛ ከረገጠው ወደ ታች ይወርዳል፤ ያን ጊዜ በረንዳው ራሱን አይችልም።

"ኮንክሪቱ ሲፈስ ዓይንሽን እንዳትነቅዪ" አልኳት።

በሙሌቱ ቀን የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሲሪንቃ ላይ ጎማው ፈንድቶ አረፈድኩ። ስደርስ ሚክሰሩ ይጮኻል፣ ባልዲው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፣ ልጅቷ የለችም። ከቤቱ ጀርባ አገኘኋት። ሄልሜቷን እንዳደረገች ሽንኩርት ታቁላላለች።

"ምን እያደረግሽ ነው?" ብዬ ጮህኩባት።

"ወጥ ሠሪዋ ቀረች። ፎርማኑ 'ልጄ፣ ሰዉ በራብ ሊያልቅብን ነው፣ ላንድ አፍታ' አሉኝ። አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ እንዴት እምቢ ልበላቸው?"

ሮጬ ላይ ስወጣ በረንዳው ተሞልቷል። ፌሮው ተረግጦ ይሆናል፣ ኮንክሪቱ ሳይደርቅ ይነሣ ብዬ ለመንኩ። ፎርማኑ፣ ደግ የውርጌሳ ሽማግሌ፣ "ወላሂ ምንም አይሆንም እህቴ፣ ይልቅ ብዪ" አሉኝ። የቤቱ ባለቤትም ሳቀ። ማን ይስማኝ?

በኋላ ከሥሩ የቆመው የድጋፍ እንጨት ሲነሣ በረንዳው ተሰነጠቀ። ሪፖርቱ "ተቆጣጣሪዋ በቦታዋ አልነበረችም" አለ። ውሸት ቢሆን በተከራከርኩ። የት እንደነበረች ለኃላፊያችን ብነግረው፣ "ታዲያ እኔስ ምን አልኩሽ? ሳይት ለሴት ይከብዳል" አለኝ። ልጅቷን ፋይል ክፍል አስገቧት።

በቀደም ፎርማኑ ደወሉልኝ። ውርጌሳ ላይ ሌላ ሶሌታ ሊሞሉ ነው። ስለ ልጅቷ ደህንነት ከልባቸው ጠየቁኝ፤ ደህና ናት አልኳቸው።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። "እንግዲያ ላኪልን እንጂ፤ የዚያን ቀን ወጧ እስካሁን ካፋችን አልጠፋም።"