ሁለት ጥርስ የሳተው ቺንጋ

ሰፈሩ «ፒስተን» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም መታወቂያው ላይ ካልሆነ የትም አታገኙትም። ዕድሜውን ከመኪና ሥር ተንጋሎ የኖረ መካኒክ ነው፤ ሰላም ሲላችሁ እንኳ የእጁ ግራሶ እንዳይነካችሁ መዳፉን ሰብስቦ አንጓውን ነው የሚዘረጋው። ሚስት አላገባም። ወላጆቻቸው በተዉላቸው ግቢ ታላቅ እህቱ ከነባሏ ዋናውን ቤት፣ እሱ የጓሮዋን ክፍል ይዘው ይኖራሉ፤ ምሳና ራቱ ግን እሷ ዘንድ ነው። «እታለም» ይላታል። እታለም ባትኖር ደረቅ ዳቦ እየገመጠ የሚያድር ሰው ነበር።

ከባሏ ጋር ግን ሆድና ጀርባ ናቸው። ባልየው ዘመኑን አውቶቡስ መሪ ላይ የጨረሰ ጡረተኛ ሾፌር ነው። አንድ ቀን ፒስተን የሚሠራበት ጋራዥ በር ላይ፣ ደንበኛ በተሰበሰበበት፣ «እሱ የነካው መኪና ተመልሶ ሌላ ጋራዥ ይገባል» ብሎ ቀለደ። ሰው ሳቀ። ፒስተን አልሳቀም። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ገበታ ላይ እየቀረቡ አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። እንዲህ ያለውን ኩርፊያ ለጠላትም አይስጠው! ለአንዲት ቀልድ ሁለት ዓመት ይኮረፋል? ይኮረፋል እንጂ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ሲባል አልሰማችሁም?

መሃል ላይ የነበረችው እህትየው ናት። «ለባልሽ ንገሪው፣ የግቢው በር ማጠፊያ ላልቷል።» «ለወንድምሽ በይው፣ ከላላ ማን እጁን ያዘው?» እንዲህ የሚባባሉት ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው! ወንድሟ «ለዚያ ደንቆሮ ንገሪው» ሲላት፣ ዞር ብላ «ወንድሜ ከተመቸህ ይልሃል» ትላለች። ስድቡን አጥባ፣ አለስልሳ ነበር የምታቀብለው። ሲመርራት ደግሞ «እኔ የናንተ ስልክ ነኝ እንዴ? ቢያንስ ካርድ ሙሉልኝ!» ትላቸዋለች። ሁለቱም ይስቃሉ፤ አንዱ ሌላውን ሳያይ።

ከዚያ ኩላሊቷ ከዳት። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሌላ ከተማ ባለ ሆስፒታል፣ ደሟ በማሽን መታጠብ ነበረበት። የሚያመላልሳት የሾፌሩ አሮጌ መኪና ነው። ስትመለስ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድማ፣ ባልዲ አቅፋ፣ ዝላ ነው። ያቺ መኪና ቆመች ማለት እህትየው ቆመች ማለት እንደሆነ ግቢው ውስጥ ያልገባው አልነበረም።

ታዲያ የመኪናዋ ቺንጋ ተሰነጣጠቀ። የሞተሩን የላይና የታች ክፍል እኩል የሚያዞረው ጥርሳም ቀበቶ ማለቴ ነው፤ እሱ ከተበጠሰ ወይ ጥርስ ከሳተ ውስጥ ያለው ብረት እርስ በርሱ ይጋጭና ሞተሩ አለቀለት። ሌላ ጋራዥ ቢያስገቧት ወረፋው ቀናት ይፈጃል፤ እሷ ደግሞ የሚባክን ቀን የላትም። መካኒኩ እዚያው ጓሮ አለ። ግን ማን ቀድሞ አፉን ይክፈት? ሾፌሩ «ራሴ እቀይረዋለሁ!» አለ።

ፒስተን ራት ላይ ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። «ለባልሽ ንገሪው፣ ይሄ መሪ መጠምዘዝ አይደለም።»

እህትየው በጣም ደክሟት ነበር። «ወንድሜ በርታ ይልሃል» አለችው ለባሏ።

ሆስፒታል በማትሄድበት ቀን ጠዋት ሾፌሩ መኪናዋን ግቢው መሃል በክሪክ አነሳት፤ ጎማዋን አወለቀ፣ የቺንጋውን ሽፋን ፈታ። ፒስተን በርጩማ አውጥቶ በሩ ላይ ተቀመጠና አሮጌ ካርቡሬተር የሚያጸዳ መሰለ። እውነቱን ለመናገር ሰውዬው መጥፎ አልጀመረም። ብሎኖቹን በተራ በተራ ጨርቅ ላይ ደረደረ፤ ቺንጋው በሚጠመጠምበት በላይኛውና በታችኛው ጥርሳም መዘውር ላይ ነጭ ቀለም ነካ ነካ አድርጎ ምልክት ያዘ። አዲሱን ቺንጋ አስገብቶ ሲወጥረው ግን የታችኛው ትንሽ ዞረበት። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ አየ፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጠረገ፣ እንደገና አየ።

ፒስተን ውሃ ሊቀዳ ወደ ቧንቧው ሲያልፍ ዓይኑን ጣል አደረገ። ቺንጋው ከምልክቱ ሁለት ጥርስ ስቷል።

ጣሳውን እዚያው ትቶ ወደ ቤት ገባ። እህቱ ተኝታለች፤ መርፌ የበሳሳው ክንዷ ከብርድ ልብሱ ውጭ ቀርቷል። «እታለም» አለ ቀስ ብሎ። አልሰማችም። እንቅልፍ ከወሰዳት ስንት ጊዜዋ! ሊቀሰቅሳት አንጀቱ እንቢ አለው። ለባሏ ራሱ ሊናገር ደግሞ... ኧረ ወዲያ! ይሞታታል እንጂ አይናገራትም። «ማንም ጤነኛ ሰው ሳያስነሳ በፊት ሞተሩን በእጁ ያዞረዋል» አለ በሆዱ። «ሲያዞረው ብረቱ አላልፍ ብሎ ይይዘዋል፤ ያኔ ይገባዋል። ትንሽ ይቅመሳት!» ለምን ይዋሻል፣ የሰውዬውን ማፈር ማየት አምሮት ነበር።

ተመልሶ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። ሾፌሩ መፍቻውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየው። ረጅም ጊዜ አየው። ፒስተን አንገቱን ደፍቶ ካርቡሬተሩን መወልወሉን ቀጠለ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አይደል የሚባለው?

ሾፌሩ በእጁ አላዞረውም። ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ማስነሻው ሞተሪኖ ጮኸ፣ ብረት ከብረት ሲማታ ተሰማ፣ ከዚያ ጸጥ አለ።

«ተነሳች እንዴ?» አለች እህትየው ከውስጥ፣ ከእንቅልፏ ባንና።

ከዚያ በኋላ በአውቶቡስ ሆነ። ሁለት ጊዜ እየቀየረች፣ ወንበር ከተገኘ ተቀምጣ፣ ካልተገኘ ባሏን ተደግፋ፣ ሰው መሃል ፌስታል ውስጥ እያስመለሰች። ፒስተን ማንም ሳያዘው ሞተሩን በትኖ ተጋጭተው የተጣመሙትን ቫልቮች አወጣ። ምትኩን ፍለጋ ያልረገጠው መለዋወጫ ሱቅ አልነበረም፤ «የዚህች መኪና ዕቃማ ድሮ ቀረ» ይሉታል። እህትየው አንድ ቀን «ዛሬስ አልችልም» ብላ ቀረች። ቀጥሎም ቀረች። እግሯ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራት። ሦስተኛው ቀን ሊወስዷት ሲሉ መናኸሪያው አግዳሚ ላይ፣ ባሏ ትከሻ ላይ ራሷን ጣል እንዳደረገች ቀረች።

ከቀብር በኋላ ሊያጽናኑ የመጡት ጎረቤቶች ወጥተው ሲያልቁ ሁለቱ ሰዎች ሳሎኑ ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ቢሆንም ፒስተን ተናገረ።

«አይቼው ነበር» አለ። «ቺንጋው ሁለት ጥርስ ስቶ ነበር። ውሃ ልቀዳ ሳልፍ አይቼዋለሁ። ዝም አልኩ።»

ይጮህብኛል፣ ወንበር ያነሳብኛል ብሎ ጠበቀ። ቢመታው ደስ ባለው። ሾፌሩ ግን ዓይኑን እንኳ ከወለሉ አላነሳም።

«ማየትህንማ አውቃለሁ» አለ። «እኔ ነኝ ማየት ያቃተኝ። ዓይኔ አልይዝ አለኝ፤ ልክ ይሁን አይሁን አላወቅኩም። አንተን መጠየቅ ደግሞ ሞት መሰለኝ። ቀና ብዬ ፊትህን አየሁት፤ ምንም አላልክም። ‹ተሳስቼ ቢሆንማ ዝም አይለኝም፣ የምትሳፈርባት እህቱ ናት› አልኩ። ያን ጊዜ ነው ቁልፉን ያዞርኩት።»