አራተኛው ላይ የቆመው ቆጠራ

ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አንቱታውን አንስቼበታለሁ። ይህ ሽማግሌ የኮሶዬ ሰው ነው፤ የቀድሞ እጮኛዬ አጎት ነው። ልንጋባ ስንል፣ ከሥጋ ዘመድ ጋር እንዳንጋባ፣ እንደ ወጉ ሰባት ቤት ይቆጠር ተባለ። ቆጣሪው እሱ ሆነ። ከእኔ ጀምሮ በአባቴ በኩል ወደ ላይ ሲቆጥር አራተኛው ላይ፣ ቅድመ አያቴ ላይ ደርሶ ቆመ።

«የዚህን አባት የሚያውቅ የለም፤ የተወለደበት አገርም አይታወቅ። ልጃችንን ከማን ዘር ጋር ልናጋባ ነው?» አለ።

እጮኛዬ ከአጎቱ ኋላ ተነሥቶ ወጣ። ሠርጌ በዚያው ቀረ። አባቴም እስኪሞት ድረስ ሰው መሀል ቀና ብሎ አልተቀመጠም።

ቂም ያዝሁ። ሌላ ሰው ይረሳ ይሆናል፤ እኔ እንኳን ልረሳ፣ እንደ ጓሮ ጎመን እየኮተኮትሁ አሳደግሁት። ጎንደር ከተማ አስተማሪ ነኝ። ክረምት ትምህርት በተዘጋ ቁጥር የቅድመ አያቴን ስም ይዤ ከደብር ደብር፣ ከመዝገብ ቤት መዝገብ ቤት ስዞር ሃያ ዓመት አለፈ። የአቧራ ሳል ይዞኝ ከመመለስ በቀር ያገኘሁት አልነበረም።

ባለፈው ክረምት ኮሶዬ ያለ አንድ ደብር ሄጄ መጻሕፍቱን ለሚጠብቁት ቄስ ስሙን ነገርኋቸው። ሳቁብኝ።

«ምነው ልጄ፣ ይኼ እኮ የዓለም ስሙ ነው። ቤተ ክርስቲያን በዚህ አታውቀውም። የክርስትና ስሙን አምጪ።»

እኔ የተማርሁት ሴት ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን አለማሰቤ እስካሁን ያናድደኛል። የአባቴ አክስት፣ የቅድመ አያቴ ልጅ፣ ዘጠና አልፏት አልጋ ላይ ነበረች። የክርስትና ስሙን በፍታቱ ሲጠራ ሰምታ አልረሳችውም።

ቄሱ የብራናውን ወንጌል ኅዳግ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡልኝ። ሕፃኑ ኮላ ድባ ተወለደ፤ እናቱ ሸክላ ሠሪ፣ ቤተ እስራኤል ናት፤ አባቱ እዚህ አምጥቶ ክርስትና አስነሥቶ ለደብሩ አደራ ሰጠው። የአባትየውም ስም ተጽፏል፤ የሽማግሌው አያት ነው። አባት የለውም የተባለው ቅድመ አያቴ ለካ የራሱ የሽማግሌው አጎት ኖሯል። ቆጠራውን በእውነት ቢጨርስ ኖሮ ዘመዳሞች ሆነን ጋብቻው በክብር ይቀር ነበር። እሱ ግን የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ዘመዴ ከሚል አባቴን ማዋረድ መረጠ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሰንበቴ ላይ እንደተቀመጠ፣ ቄሱ ያንኑ ጽሑፍ እንዲያነቡት ለመንኋቸው። አነበቡት። ከዚያ ተነሥቼ ወደ ሽማግሌው ዞርሁ።

«አያ፣ ያን ጊዜ ያቆሙትን ቆጠራ አሁን ይጨርሱልኝ።»

«ጆሮዬ ደክሟል» አለ። ጮክ ብዬ ደገምሁለት። በጣቶቹ ቆጠረ፤ አራተኛው ላይ ቆየ፤ ከዚያ አምስተኛ ብሎ የገዛ አያቱን ስም ጠራ። ያን ጊዜም ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። «አባቴ ነግሮኝ ነበር» አለ። የቀድሞው እጮኛዬ ከሚስቱ ጎን ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል።

ሽማግሌው ሊስመኝ እጁን ዘረጋ። «ለካ ልጃችን ነሽ» አለኝ።

«ነኝ። የሞቱ ዕለት ከዘመድ ጋር ፊት እቀመጣለሁ። ግን አላለቅስልዎትም።»

እጁ እንደተዘረጋ ትቼው ወጣሁ። ደስ አለኝ፤ አሁንም ደስ ይለኛል።