የሶሬቲ ጥርስ

ደሪቱን የማያውቅ የቡልቡላ ሰው ካለ፣ ገና ዘመድ ያልሞተበት መሆን አለበት። ሰፈሩ ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት በነበረ ጊዜ አልቃሽ ነበረች። ዛሬም ማሳው ሁሉ ኮንዶሚኒየም ሆኖ፣ አውሮፕላን በጣሪያዋ ላይ እያጓራ፣ አልቃሽ ናት። አዘቦቱን ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ቆሎ ትሸጣለች። ሰው ሲሞት ቆሎዋን ከድና፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትነሳለች። ለዚህ ሥራዋ ከማንም ሳንቲም ተቀብላ አታውቅም።

አንዳንዱ ፎቅ ላይ ያለ ሰው “አልቃሽ” የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ይወረውረዋል። ያው ሰው እናቱ ያረፈች ዕለት መጀመሪያ የሚያንኳኳው የደሪቱን በር ነው። እሷም ትስቅበታለች እንጂ አትቀየመውም፤ እኔ ብሆን እቀየመው ነበር።

ደሪቱ ዝም ብላ አታለቅስም። ከልቅሶው በፊት የሟቹን የቅርብ ዘመድ ለብቻው ነጥላ ትጠይቃለች። ሲቆጣ ምን ይል ነበር? ጫማው በየትኛው ጎኑ ቶሎ ይበላ ነበር? ማታ በር የሚዘጋው ማን ነበር? ያንን ሰብስባ በሙሾዋ ውስጥ ስትከተው፣ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ሟቹ አሁን በበሩ የገባ ይመስለዋል። ደግ ነበር፣ ለጋስ ነበር ብሎ ማልቀስን አትወድም። “እሱማ ዜና ነው” ትላለች።

አንድ የማትነካው ነገር ነበራት። ሬሳው ላልታየ ሰው አታለቅስም። በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው፤ ሞትን በስም መጥራት ነው። የራሷ ልጅ በሊቢያ በኩል ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ጎረቤት “አልቅሺለትና ይውጣልሽ” እያለ ቢጎተጉታትም አንድ ቀን እንኳ ስሙን በሙሾ አላነሳችም። እስካላለቀሰችለት ድረስ አለ ብላ ታምናለች።

አጥር ለአጥር የሚዋሰናት የአቶ ዳጪ ግቢ ነው። አቶ ዳጪ ማሳቸው ሲወሰድ የቀረቻቸው ያቺ ግቢ ብቻ ነበረች። ሁለት ወንድ ልጆች ነበሯቸው። ታላቁ አክሊሉ ድርሻውን አስቀድሞ ወስዶ፣ ሸጦ፣ ከተማ ገብቶ ጨርሶታል። ታናሹ ቶሌራ አባቱን እየጦረ ቀረ፤ ስለዚህ ሽማግሌው ግቢዋን ለእሱ አወረሱት። አክሊሉ ነገሩን ዋጥ ያደረገ መሰለ። በዓል በመጣ ቁጥር ለቶሌራ ሴት ልጅ ለሶሬቲ ብስኩት ይዞ ይመጣ ነበር፤ ልጅቷም አጎቷን ስታይ ከእናቷ እቅፍ ዘላ ነበር የምትሄድለት።

አቶ ዳጪ ዱከም ያለች ሴት ልጃቸው ዘንድ በሰነበቱበት ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሶሬቲ አጥር ዘላ ወደ ደሪቱ መጣች። የላይኛዋ የፊት ጥርሷ ተነቅንቃ በአንድ ጎን ብቻ ተንጠልጥላለች።

“አኮ፣ እዪው” አለቻት። በኦሮምኛ አያቴ ማለቷ ነው።

“ነይ በክር ልጎትትልሽ።”

“እምቢ። እማዬ በራሱ ጊዜ ሲወልቅ ጣሪያ ላይ እንወረውረዋለን ብላኛለች። ካልተወረወረ አዲስ አይበቅልም።”

እናቷ ሄሊና ከአጥሩ ማዶ ጠራቻትና እየሮጠች ተመለሰች።

እሑድ ጠዋት ቶሌራና ሄሊና በገዛ ቤታቸው በመጥረቢያ ተገድለው ተገኙ። ሶሬቲ የለችም። አንድ እግር ነጠላ ጫማዋ ከሰፈሩ በታች ባለው ወንዝ ዳር፣ ጭቃው ላይ ተገኘ። ፖሊስ ወንዙን ወርዶ ወጥቶ ፈለገ፤ ምንም የለም። ሰፈሩም ልጅቷ ሸሽታ ስትሮጥ ወንዝ ገብታለች ብሎ ደመደመ።

ድንኳን ተተከለ። በዚያ ልቅሶ እንደ አክሊሉ የደከመ ሰው አልነበረም። ሬሳ ከሆስፒታል ያስመጣው እሱ፣ ወንበር የሚደረድረው እሱ፣ አባቱን ደግፎ የሚያስቀምጠው እሱ ነው። ደረቱን እየደቃ ሲያለቅስ ያየ ሁሉ አንጀቱን በላው።

ለሰልስቱ ከሩቅ የሚመጣ ዘመድ ይጠበቅ ነበር። አክሊሉ ሶሬቲም ከእናት ከአባቷ ጋር አብራ ይለቀስላት ብሎ አባቱን ያዛቸው።

“ሬሳ ሳላይ አላስለቅስም” አሉ አቶ ዳጪ።

“አባባ፣ ወንዙ ወስዷታል። ነፍሷን አናንገላታት።”

ሽማግሌዎች ተጨመሩበትና አባትየው ተሸነፉ። ደሪቱም ቅር እያላት ተቀበለች፤ በሰው ሐዘን ላይ የራሷን እምነት ልታስቀድም አልፈለገችም። እንደ ልማዷ የቅርብ ዘመድ ነጥላ ልትጠይቅ፣ አክሊሉን ከድንኳኑ ጀርባ ወስዳ አጠገቧ አስቀመጠችው።

ስለ ወንድሙ ጠየቀችው፤ ነገራት። ስለ ሄሊናም እንዲሁ። “ሶሬቲስ?” አለችው።

ፊቱ ፈካ አለ። “እሷማ፣ እትዬ ደሪቱ፣ ሳቋን አይረሱት። ያቺ የፊት ጥርሷ ወልቃ፣ በክፍተቱ ምላሷን ብቅ እያደረገች ስትስቅ…” አለና ዓይኑን ጠረገ።

ደሪቱ ቅዳሜ ማታ ተንጠልጥላ ያየቻትን ጥርስ አስታወሰች። ቢሆንም ድምጿን አልቀየረችም።

“ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አየሃት፣ ልጄ?”

“ለፋሲካ ነዋ። ከዚያ ወዲህ መች መጣሁ?”

“እግዜር ያጽናህ” ብላ ተነሳች። አጥሩን ተከትላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ጓዳዋ ገብታ ነገሩን አገላበጠችው። ወንድሙ በስልክ ነግሮት ይሆን? ቅዳሜ ሲመሽ ጥርሷ አፏ ውስጥ ነበረች፤ ሌሊቱን ሰዎቹ አለቁ። ሲገድላት ወልቃ ይሆን? ግን “ስትስቅ” ብሏል። የሞተ ልጅ በጥርሱ ክፍተት ምላሱን አያወጣም። ሶሬቲ አለች። ደሪቱ ይህን ስትረዳ ደስታም ፍርሃትም አንድ ላይ ነው የመጣባት። አለች፤ ያለችው ግን በእሱ እጅ ነው።

ቃሏን የተቀበላት መርማሪ ሳጅን እንድሪስ የስልክ ቁጥሩን ሰጥቷት ነበር። ደውላ ሁሉንም ነገረችው።

“እማማ ደሪቱ፣ ለማንም እንዳይተነፍሱ” አላት። “አሁን ብንይዘውና አፉን ቢዘጋ፣ ልጅቷ የተዘጋባት ቦታ ትቀራለች። ከጠረጠረ ደግሞ የባሰ ይመጣል። ራሱ ይውጣና ይምራን። እርስዎ እንዳሰቡት ያልቅሱ።”

“ለልጅቷም?”

“ለልጅቷም። እሷን ብቻ ቢዘሉ ይገባዋል።”

ለገዛ ልጇ በሟርት ፍርሃት ስንት ዓመት አፏን የዘጋች ሴት፣ በሕይወት ያለች ሕፃን በስሟ ጠርታ እንድታለቅስ ተነገራት። እኔ በዚያ ሰዓት ደሪቱን መሆን ለጠላቴም አልመኝም።

ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ለቶሌራ አለቀሰች፤ ለሄሊና አለቀሰች። ከዚያ አንዷ ዘመድ የሶሬቲን የትምህርት ቤት ሹራብ ከፍ አድርጋ ያዘች። አክሊሉ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ደሪቱ መሬት መሬት እያየች ጀመረች፦

“ጥርስሽ ወልቆ ነበር ሌላ ሊበቅልልሽ፣
ማን ነው ሳይበቅል ለወንዝ የሰጠሽ።”

ሕዝቡ ጮኸ። አክሊሉ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ፤ የነገራትን በመጠቀሟ የተደሰተ ሳይመስል አልቀረም። እሷ ግን በየስንኙ መጨረሻ፣ ትንፋሽ የምትወስድ አስመስላ፣ በሆዷ “አይድረስብሽ፣ አይድረስብሽ” ትል ነበር። አቶ ዳጪ የልጅ ልጃቸው ስም ሲነሳ ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ለእሳቸው እንኳ መንገር አልቻለችም፤ ከሁሉ ይልቅ ይህ ነው ያንገበገባት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አክሊሉ ለስላሳ አመጣለሁ ብሎ ወጣ። ከጥግ ንፍሮ ሲቆረጥሙ የቆዩ ሁለት ለቀስተኞችም እጃቸውን አራግፈው ተነሱ። አክሊሉ ወተትና ብስኩት ገዝቶ ወሎ ሰፈር ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ወዳለ የኪራይ ክፍል ሲገባ፣ እነሱም፣ የሳጅን እንድሪስ ሰዎች፣ ከኋላው ገቡ። ሶሬቲ አልጋ ላይ ተቀምጣ ቴሌቪዥን ታያለች። ክፍሉን የያዘችው ሴት፣ አክሊሉ “እናት አባት የሌላት የገጠር ዘመዴ ናት” ብሏት ነው የተቀበለቻት።

አክሊሉ በምርመራ እንደተናገረው የአባቱን ግቢ ብሎ ነው የመጣው። ወንድሙንና ሄሊናን ከገደለ በኋላ ልጅቷ ነቅታ “አጎቴ” አለችው፤ እጁ አልነሳ አለው። እናትና አባቷ መንገድ ሄደዋል ብሎ በጨለማ ይዟት ወጣ፤ ጫማዋንም ወንዝ ዳር ጣለ። ጥርሷ ኪራይ ቤቱ ውስጥ ሲወልቅ በሶፍት ጠቅልሎ የሰጣት እሱ ራሱ ነው። ይህን የፍርድ ቤት ሰው ሁሉ ሰምቶ ተገርሟል። እኔ አልገረመኝም፤ አንድ ልብ ለአንዱ ራርቶ ለሌላው ድንጋይ ሲሆን ከዚህ በፊትም አይቻለሁ።

ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። አቶ ዳጪ “ሁለት ልጅ ቀበርኩ፤ አንዱ ግን ዛሬም ይበላል ይጠጣል” አሉ። ከዚያ በኋላ ስሙን አላነሱም።

ደሪቱ ማልቀስ ተወች። ሰው ሲሞት እየመጡ ቢለምኗት “በቁሙ ላለ ሰው ያለቀስኩ ነኝ፣ ሌላ ፈልጉ” ትላለች። ሶሬቲ በአያቷ ግቢ ባሳላት ቁጥር ከአጥሩ ማዶ ሆና “አይድረስብሽ” ትላለች።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ከሰዓት፣ ሶሬቲ እጇን ጨብጣ መጣች። ከሶፍቱ ውስጥ ጥርሷን አወጣች። እናቷ ከመንገድ ስትመለስ ልትወረውረው ደብቃው ኖሯል። ደሪቱ አቀፈቻትና ከፍ አደረገቻት፤ ልጅቷም ወረወረችው። ቆርቆሮው ላይ ቀጭን ድምፅ አሰማ።

“አኮ፣ አንቺ ለእኔ አልቅሰሽልኛል አይደል? ትምህርት ቤት ልጆች የተቀረፀውን በስልክ አሳዩኝ።”

“አዎ” አለች ደሪቱ።

“ለእማዬና ለአባዬም?”

“ለእነሱም።”

“እኔ እኮ የዚያን ቀን አልነበርኩም።” ልጅቷ የደሪቱን ነጠላ ጫፍ ይዛ ቆየች። “የእነሱን ድገሚልኝ። የእኔን ተዪው።”

ደሪቱ ቆሎዋን ከደነች። ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ ልጅቷን አጠገቧ፣ የቅርብ ዘመድ በሚቀመጥበት በኩል አስቀመጠቻት። ከዚያም እንደ ድሮ ልማዷ ጠየቀቻት።

“እናትሽ ስትቆጣ ምን ነበር የምትልሽ?”

ሶሬቲ ትንሽ አሰበችና መናገር ጀመረች፤ ሳትጨርስ ግን ልቅሶ ቀደማት።