የዋዜማው እቶን

መምህር የሆንኩት በእቶን ምክንያት ነው። ሸክላ ቀርጾ መጨረስ ብቻውን አይበቃም፤ በከፍተኛ ሙቀት ካልተቃጠለ ያው ጭቃ ነው፣ ውኃ ያፈርሰዋል። ስመረቅ የራሴ እቶን አልነበረኝም። ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ያለ አንድ ማሠልጠኛ በኤሌክትሪክ የሚሠራ እቶን እንዳለው ስሰማ ለማስተማር አመለከትኩ።

እቶኑ አለ፤ አይሠራም። በውስጥ ግድግዳው የሚዞሩት ጥምዝ ሽቦዎች ተበጣጥሰዋል። ጠጋኝ ሳፈላልግ ሁሉም የሚያውቀው ምጣድና ስቶቭ ሆነ፤ ስለዚህ ራሴ ጀመርኩት። አንዴ የጋለ ሽቦ ሲቀዘቅዝ እንደ ደረቅ ፓስታ ይሰበራል፤ መቀጠል አይቻልም፣ በአዲስ መተካት አለበት። ይህን የተማርኩት እየሰበርኩ ነው።

የተማሪዎቼ ኩባያዎች መደርደሪያ ላይ ደርቀው ይጠብቁ ነበር። አንድ ቀን ዳይሬክተሩ ብቅ አሉ።

«የሚካኤል ማግስት ቦርዱ ይመጣል። የሚታይ ዕቃ ከሌለ ክፍሉን ለልብስ ስፌት እሰጠዋለሁ። አቧራ ለማሳየት እንግዳ አልጠራም።»

አዲሱ ሽቦ ተገጥሞ ያለቀው ለኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ነው። እቶን ካቃጠለ በኋላ ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ መቀዝቀዝ ስላለበት ሌላ ቀን አልነበረኝም። ጠዋት ኩባያዎቹን ሞልቼበት አበራሁት። እስከ እኩለ ቀን ደህና ጋለ። ከሰዓት በኋላ ግን የክፍሉ አምፖል ደበዘዘ። ሰፈሩ በሙሉ ለበዓሉ ምጣዱን ሰክቷል። እቶኑ ፍም መምሰል ሲገባው፣ በበሩ መመልከቻ ቀዳዳ ባየው ውስጡ ጥቁር ነበር። አመሻሹ ላይ መብራቱ ጭራሽ ጠፋ።

የበዓሉ ማግስት ስከፍተው አንድም ዕቃ አልተሰነጠቀም። አንዱን በጣቴ መታሁት። የበሰለ ሸክላ ያቃጭላል፤ ይሄኛው ካርቶን የመታሁ ያህል ታፈነ።

«ይኸው ተሠርቷል እኮ!» አሉ ዳይሬክተሩ።

«ጋሼ፣ አልበሰለም። ሙቀቱ ሲወርድ...»

«አንቺ ደግሞ ማብራራት! ደስ ይበልሽ እንጂ።»

ቦርዱ ሲመጣ በአንዱ ኩባያ ውኃ ቀድተው ለሰብሳቢው ሰጧቸው። ኩባያውን የሠራችው ልጅ፣ ከእናቷ ጋር ከእንጦጦ ቅጠል እየተሸከመች የምትማር፣ በር ላይ ቆማ ፈገግ አለች። የሰብሳቢው ንግግር ረዥም ነበር። መሀል ላይ የኩባያው ግርጌ ረጠበ፣ ለሰለሰ፣ ነጭ ሸሚዛቸው ላይ ፈሰሰ። ማንም አልሳቀም።

እንግዶቹ ሲሄዱ ልጅቷ ጭቃውን ከወለሉ ፍቃ ፌስታል ውስጥ ከተተችው።

«ቲቸር፣ ያልበሰለ ጭቃ ተመልሶ ይሠራል ብለሽናል፣ አይደል?»

«ይሠራል» አልኳት።

በሳምንቱ የስፌት መኪኖች ገቡ። እኔ የልብስ ንድፍ እንዳስተምር ተደረግሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲ.ኤም.ሲ እና አያት ሰፈር እየሄድኩ የሰው እቶን እጠግናለሁ፤ የእኛው እቶን ግን መጋዘን ውስጥ ተዘግቶበታል። የልጅቷ ፌስታል ከስፌት መኪናዋ ሥር ነው። ጭቃው እንዳይደርቅ ውኃ ስታርከፈክፍበት አያለሁ። መተው እንዳለባት እስካሁን አላስረዳኋትም።