የአብነር ለማዳ ዳክዬዎች

አብነር ታናርድ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዳክዬ ሲያታልል ኖሮ ሰው አታልሎ የማያውቅ ሰው ነበር። ጎረቤቱ ነኝ፤ ለዳክዬ ማጥመጃ ኩሬው ግርዶሽ የሚሆነውን ሸምበቆም የምቆርጥለት እኔ ነበርኩ።

እኛ የእንግሊዝ አገር፣ የሊንከንሻየር ረግረግ ሰዎች እንዲህ ያለውን ኩሬ ዲኮይ እንለዋለን። ከዳሩ እየጠበበ የሚሄድ ቦይ ይወጣል፤ በላዩ መረብ ተዘርግቷል። አብነር ከግርዶሹ ጀርባ ሆኖ በቀስታ እያፏጨ ገብስ ይበትናል። ፉጨቱን የሚያውቁት ለማዳ ዳክዬዎች ወደ ቦዩ ይገባሉ፤ የዱር ዳክዬዎቹም እነሱን አምነው ይከተላሉ። መጨረሻ ላይ ለማዶቹ ጠልቀው ወደ ኩሬው ይመለሳሉ፤ የዱሮቹን ግን አብነር አንገታቸውን ይጠመዝዛል። ትንፋሹ እንዳይሸታቸው ከረግረጉ ቆርጠን የምናነደውን ደረቅ አፈር ለኩሶ አፉ አጠገብ ይይዛል። ለማዳ መግደል በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ለማዳ የሚሞተው በእርጅና ነው።

የከተማ ሰዎች የኩሬያችንን ስም ወስደው፣ ሰውን አባብሎ ወጥመድ ውስጥ ለሚከት ሰው መጠሪያ አደረጉት። አብነር ይህን የሰማ ዕለት ተናደደ። እኛ የምናታልለው ወፍ ነው፣ በምን ዕዳችን ነው ስማችን ከወንበዴ ጋር የሚነሳው ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ዋለ።

ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት። ትልቁ ጋይልስ ረግረጉን ጠልቶ ወታደር ቤት ገባ። ፉጨቱን የተማረው፣ ኩሬውንም የሚወርሰው ሃያ ዓመት የሞላው ሉክ ነው። ከፈረንሳዮች ጋር ጦርነት ተነስቶ የመልማዮች ከበሮ በየገበያው ሲመታ አብነር ሉክን ገበያ እንዳይሄድ ከለከለው። ልጁም እሺ ብሎ ተቀመጠ።

በመከር ጋይልስ መጣ። ቀይ ኮቱ አዲስ፣ ፊቱ የወዛ፣ ቦት ጫማው የሚያብረቀርቅ ነበር። በየቀኑ ሥጋ እንደሚበላ፣ የመድፍ ድምፅ እንኳ ሰምቶ እንደማያውቅ አወራን። እኔም ሽማግሌው አፌን ከፍቼ ሰማሁት። በማግስቱ ወንድሙን ገበያ ልውሰደው አለ።

«እኔ እያለሁለት ምን ይሆናል፣ አባዬ?»

አብነር ፈቀደ። በገዛ ወንድሙ እጅ ነዋ።

ሉክ አልተመለሰም። በሦስተኛው ቀን የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ነገሩን አጫወተኝ። ሉክና ሌሎች ስድስት የሰፈራችን ጎረምሶች ጋይልስን አይተው ፈርመዋል። ወደ መርከብ ሲነዱ ግን ጋይልስ አብሯቸው አልሄደም። በያንዳንዱ ራስ ጉርሻውን ተቀብሎ፣ ከመልማዩ ሃምሳ አለቃ ጋር ወደሚቀጥለው መንደር አለፈ። ሥራው ይኸው ነበር። አፉ ቅቤ፣ ልቡ ጩቤ።

ለአብነር የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ምነው ምላሴን በቆረጠው።

«ትንፋሼን ከዳክዬ ስደብቅ ኖሬ» አለኝ፣ «የልጄ አልሸተተኝም።»

በበጋ ደብዳቤ መጣ፤ ቄሱ አነበቡት። ሉክን አንድ ጥይት ሳይተኩስ፣ ሸንኮራ በሚበቅልባቸው ደሴቶች ንዳድ ገድሎታል።

ክረምት ሲገባ ጋይልስ ያንኑ ቀይ ኮት ለብሶ ከች አለ። እናቱ ታቢታ ምን ታድርግ፣ የቀራት እሱ ነው። አንገቱን አቅፋ አለቀሰች፤ ዳቦና የአሳማ ሥጋም አቀረበችለት። እኔ እሳቱ ዳር ነበርኩ። አብነር ተነስቶ ሳህኑን ከልጁ ፊት አነሳው። ከከረጢቱ ገብስ ዘግኖ ገበታው ላይ አፈሰሰና አፏጨ። ያችኑ የኩሬዋን ፉጨት።

ጋይልስ ሊስቅ ሞከረ። «ምን ማለትህ ነው፣ አባዬ?»

«ብላ» አለው አብነር። «እኔ ለማዳ ገድዬ አላውቅም።»

የጋይልስ ፊት አመድ መሰለ። ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ፤ በሩንም አልዘጋውም። ታቢታ ስሙን እየጠራች የረግረጉን ውሃ እስከሚገታው ግንብ ድረስ ተከተለችው። ዞር ብሎ አላያትም። ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው የለም።

ፉጨቱን የሰሙት ዳክዬዎች ከኩሬው ወጥተው ደፉ ላይ ተሰብስበው ነበር። አብነር እያለቀሰ ገብሱን ከገበታው አፈሰና በተነላቸው።