ላብ የሚደርቅበት አገር

የጋምቤላ የሚያዝያ ጧት ነው፤ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ከሆስፒታል የሌሊት ተራዬን ጨርሼ ገብቼ በረንዳዬ ላይ ተቀምጫለሁ፤ እህቴ ይሻረግ ከፍኖተ ሰላም በመንገደኛ የላከችልኝን ዛላ በርበሬ ከፌስታሉ እያወጣሁ በሰፌድ ላይ እበትናለሁ። እዚህ አገር በርበሬ አይበረክትም፤ ትናንት ሲጨብጡት ይንኮሻኮሽ የነበረው ዛሬ እንደ ቆዳ ይተጣጠፋል። ልጄ ናትናኤል ከሳሎን ወጣና ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። "እማ፣ ተመልከቺ እስኪ! የእኛና የፍኖተ ሰላም ሙቀት ዛሬ እኩል ነው። ታዲያ 'የእኛ አገር ሙቀት፣ የእኛ አገር ሙቀት' የምትይው ምኑን ነው?" አየሁት፤ እውነትም ቁጥሩ አንድ ነው። ቀሚሴ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቋል፤ ከትናንት ወዲያ ያጠብኩት አንሶላ ዝናብ በማይነካው የበረንዳው ገመድ ላይ እንደረጠበ ተንዘላዝሏል። ስልኩ አልዋሸም፤ ግን ስልክ መቼም አያልበውም።

እኔ ያደግሁት በቡሬና በፍኖተ ሰላም መሐል፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ ባለች መንደር ነው። መጋቢት ላይ መሬቱ ተሰነጣጥቆ የልጅ እግር ይውጣል፤ ከንፈራችን ይላጥና እናቴ ቅቤ ትቀባናለች፤ ከብቶቹ ጥላ ፍለጋ ከአጥር ሥር ይጋፋሉ። ሐሩሩስ ሐሩር ነው። ነገር ግን ዋርካ ሥር ገባ ካሉ ሌላ አገር የገቡ ያህል ነፍስ መለስ ትላለች፤ ፍኖተ ሰላም ገበያ ሸክም ተሸክሞ የደረሰ ሰው ሸክሙን አውርዶ ሰላምታ ተለዋውጦ ሳይጨርስ ላቡ ደርቆ ግንባሩ ላይ ጨው ብቻ ይቀራል፤ ሲመሽ ደግሞ ጋቢ ያስፈልጋል። ወበቅን በወሬ ነበር የምናውቀው። ወደ ዓባይ በረሃ ወርደው የሚመለሱ ነጋዴዎች ዝናብ ሊጥል ሲል እዚያ ታች ያለውን ትንፋሽ የሚያሳጣ እርጥብ ሙቀት ሲያወሩ፣ ትልልቆቹ "እሰይ የእኛ ፀሐይ!" ይሉ ነበር። ፀሐይን ያህል የዓለም ሁሉ ንብረት የራሱ አድርጎ የሚኮራ መንደር ከእኛ ሌላ አላየሁም፤ እኔም እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

የኩራታችን ምስክር በርበሬው ነበር። ኅዳር ወጥቶ ታኅሣሥ ሲገባ የየሰዉ ደጅ በስጥ ይቀላል፤ በመንገድ የሚያልፍ እንግዳ ሳያስነጥስ መንደራችንን አይሻገርም፤ እኛም "ይማርህ" እያልን እንስቃለን። አባቴን አያ ይስማውን በበርበሬ የሚስተካከለው አልነበረም። ስጡን እየዞረ አንድ ዛላ ያነሳል፣ ወደ ጆሮው ያስጠጋል፣ ይነቀንቃል። ፍሬው ውስጡ ከተንሿሿ "ተናገረ" ይላል፤ ያልተናገረ በርበሬ ወደ ኬሻ አይገባም። ሌላው በዓይኑ አይቶ ሲከት እሱ በጆሮው ይጠብቅ ነበር፤ የቡሬ ነጋዴዎችም ይህን ስለሚያውቁ የእሱን ኬሻ ሳይፈቱ ነበር የሚገዙት።

ይሻረግ የታጨች ዓመት አባቴ ሌላ ኩራት ጨመረ፤ በመንደራችን የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ቤት ሠራ። እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ አቋራጩን ትቶ በኮረብታው በኩል ያዞረን ነበር፤ ምክንያቱን ባይናገርም ከዚያ ላይ ቤታችን ሲያብረቀርቅ ለማየት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ። አማቾቻችን የፍኖተ ሰላም ሰዎች ናቸው፣ ትልቅ ቤተሰብ። በእኛ ዘንድ ልጁን በተበደረው በርበሬ የዳረ ገበሬ ስሙ ከልጅ ልጅ ይነሳል፤ እህቴም በባሏ ቤት ዕድሜዋን ሙሉ "ያች ወጧ የተለመነ" እየተባለች ትኖራለች። ስለዚህ አባቴ የዚያን ዓመት በርበሬ አንድ ዛላ ሳይሸጥ ለድግሱ አሰጣው።

በርበሬው ገና ለዘብ እንዳለ፣ ማንም ባልጠበቀው ቀን፣ በታኅሣሥ ዝናብ መጣ። ያለን ሁሉ፣ ሙሽራዋ ሳትቀር፣ በቁና በነጠላ እያፈስን ወደ አዲሱ ቤት አስገባነው። በማግስቱ ፀሐይ ወጣች፤ ደጁ ግን ጭቃ ነው፣ የሚሰጣበት የለም። አባቴ ወደ ቤቱ ገባና ጣሪያው የለቀቀው ሙቀት ሲቀበለው ፊቱ በራ። "ሙቀት አይደል የምንፈልገው? ይኸው ሙቀት!" አለና ሙቀቱ እንዳይወጣበት በሩንና መስኮቱን ዘጋ፤ በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ያለውን ክፍተት እንኳ በጨርቅ አስወተፈን። እናቴ ቡሬ አጠገብ የተወለደች የአዊ ልጅ ነች፤ ስትናደድ በአዊኛ ነበር የምታጉረመርመው። አባቴ ቋንቋውን ባይችልም ምርቃት አለመሆኑን ያውቃል፤ ያን ቀን ግን እንዳልሰማ ሆነ።

በሁለተኛው ቀን በሩን ስንከፍት የመጣው ሽታ የበርበሬ አልነበረም፤ የቡሖ ነበር። ዛላዎቹ ላብ ላብ ብሏቸው ተልፈስፍሰዋል፤ ከታች ያሉት ነጭ ሻጋታ ጀምሯቸዋል። እናቴ "አንቱ ሰውዬ፣ ይሄ እኮ ማድረቅ አይደለም፣ መቀቀል ነው" አለች፣ በዚህ ጊዜ በአማርኛ። ጎረቤታችን አያ አድማሱ አንገታቸውን በበሩ አስግገው አዩና "አይ ጉድ! የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ይሻረግ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። እህቴን እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም ነበር።

አባቴ አልተረታም። "አልደረሰም እንጂ ይደርቃል" ብሎ ገባና ዛላዎቹን ሊያገላብጥ በሩን ከውስጥ ዘጋ። ብዙ ቆይቶ ወጣ፤ ወንዝ የገባ ይመስል ከራሱ እስከ እግሩ ውሃ ሆኗል። ደጁ ላይ፣ ፀሐይ መሐል፣ ቆሞ ቀረ። ያ ደረቅ የታኅሣሥ ነፋስ ከሜዳው በኩል መጣና ሸሚዙን አንዴ ሞላው፤ ተናግረን ሳንጨርስ ሸሚዙ ደርቆ ደረቱ ላይ ነጭ የጨው መስመር አወጣ። ክንዱን አየ፣ ዳሰሰው፤ ቤቱንም አየ። "እዚያ ውስጥ የኔ ላብ እንኳ አልደረቀም፤ በርበሬው በምን ይድረቅ?" አለ። ቀጥሎም መሰላል አምጡ አለ።

ጣሪያ ላይ ወጥቶ በገዛ እጁ የመታውን ሚስማር በጉጠት መንቀል ሲጀምር እናቴ ጭንቅላቷን ያዘች። "አንቱ፣ አበዱ እንዴ?" "ቤቱ ይቆያል፤ የማይቆየው የይሻረግ ሰርግ ነው" አላት ከላይ ሆኖ። አያ አድማሱ ያን ተረታቸውን ዋጥ አድርገው ሌላኛውን መሰላል ተሸክመው መጡ፤ መንደሩም ተከተላቸው። ቆርቆሮውን እያወረድን ጭቃው ላይ በደረደርነው ድንጋይ አጋደምነው፤ ሴቶቹ የሻገተውን ከደህናው ለዩ፤ እኛ ልጆች ደህናውን በቆርቆሮው ላይ አሰጣን፣ እጃችን እየተቃጠለ፣ ዓይናችን እያለቀሰ፣ እያስነጠስን አገላበጥን። ቆርቆሮው ያው ነው፣ ፀሐይዋም ያችው ነች፤ ከሥሩ ሲቀቀል የነበረው በርበሬ ከላዩ፣ ነፋስ ሲያገኘው፣ ከቀን ቀን እየጠነከረ ሄደ። አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ አንድ ዛላ አነሳ፤ ወደ ራሱ ጆሮ ግን አልወሰደውም፣ ወደ ይሻረግ ጆሮ አስጠጋው። ነቀነቀው። እህቴ ከሳቋ ጋር እንባዋ መጣ።

ጣሪያውን መልሶ ለመምታት ጊዜ አልበቃም፤ ሰርጉ ሲደርስ ግማሹ ቤት ሰማይ እንዳየ ነበር። ከአማቾቻችን አንዱ፣ ቀልደኛ ሽማግሌ፣ ቀና ብለው አይተው "አያ ይስማው፣ ምነው ቤቱን ለሰርግ ራቁቱን አስቀሩት?" አሉ። አባቴ አላፈረም። "ልብሱን ለበርበሬው አውሶት ነው። ቅመሱና ፍረዱ" አላቸው። ቀመሱ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ፣ ከክፍቱ ጣሪያ የሚወርደው ነፋስም መልሶ አደረቀው። "ፈርደናል! ይደገም!" ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። አባቴ ያን ቀን የነበረው ቁመት ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

ቆርቆሮው ተመልሶ ሲመታ አሮጌዎቹ የሚስማር ቀዳዳዎች አልተደፈኑም ነበርና ከዚያ ወዲያ ክረምት በመጣ ቁጥር ቤታችን ያፈስ ነበር። እናቴ ይደፈን ብትል አባቴ እሺ አላለም። ጠብታው በወረደ ቁጥር ሳህን እያስጠጋ "ይሻረግ ናት፣ ልትጠይቀን መጣች" ይላል፤ እንግዳ ካለ ደግሞ ታሪኩን ከመጀመሪያው ይጀምርለታል። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ወንድሜ ቤቱን አድሶ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮና ኮርኒስ አስገብቶበታል። ባለፈው ነሐሴ ሄጄ ሳለሁ ከሰዓት በኋላ ዶፍ ጣለ፤ ሰዉ ያወራል፣ እኔ ኮርኒሱን ቀና ብዬ አያለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ደረቅ ነገር ሳወድስ ኖሬ ያን ቀን አንዲት ጠብታ ናፈቀችኝ። አባቴን በዚያ ባማረ ቤት ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ወንድሜ "ምን እያየሽ ነው?" ቢለኝ "ጥሩ ቤት ነው፤ አያፈስም" አልኩት። እንደ ሙገሳ ቆጥሮት ፈገግ አለ።

ይህን ሁሉ ስነግረው ናትናኤል ስልኩን ኪሱ ከቶ ነበር። ከፌስታሉ ሥር እጄን ሰድጄ እየዳበስኩ ገና ያልለዘበ አንድ ዛላ አገኘሁ፤ ጆሮው ላይ አስጠግቼ ነቀነቅሁት።

"ሰማህ?"

"ሰማሁ" አለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። "አንዴ ድገሚው።"

ደገምኩለት። ከዚያ ዛላውን መለስኩና ወበቁ ሳይደርስበት ቶሎ ብዬ ፌስታሉን ቋጠርኩት።