ቁርጥ አባቱን

ልጆቼ ከመሥሪያ ቤት የሚያመጡትን ወረቀት ሁሉ «ግልባጭ» ይሉታል። ዋናው አንድ ቦታ ተቀምጦ፣ ሌላው ቁጭ እሱኑ የመሰለ ማለት ነው። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት፣ እኔ ጎረምሳ ሳለሁ፣ ሶዶ ላይ ወረቀት ብርቅ ስለነበር የምንገለብጠው ሰውን ነበር። ቃሉም «ቁርጥ» ነው፤ ቁርጥ እናቷን፣ ቁርጥ አጎቱን። ዛሬ እዚህ ከተማ «ቁርጥ» ያልክ እንደሆነ ሥጋ ቤት ይወስዱሃል። ያኔ ግን እንደ ዘመዱ ምርቃትም ስድብም ይሆን ነበር። እኔ የደረሰኝ ስድቡ ነው፤ ቁርጥ አባቴን ነበርሁ።

የአባቴ አፍንጫ ከእሱ ቀድሞ በር ይገባ ነበር፤ እሱስ ባልከፋ። ክፋቱ ሙግቱ ነው። ከጎረቤታችን ጋር፣ አንዲት የኮርች ዛፍ ወሰን ናት አይደለችም እየተባባሉ፣ ገበያ ዳር በዳኛ ፊት ሸማቸውን አደግድገው ሲዘሉ ኖሩ። ከዛፏ ወዲህም ወዲያም የሚያርሰው ያው አንድ የወላይታ ገበሬ ነበር፤ ሁለቱ ጌቶች ከሥሯ የበቀለውን ሣር እንኳ አጭደው አያውቁም። አባቴ ሙግቱ ሳያልቅ ሞተና መልኩን አወረሰኝ።

እኔ ቂሉ ደግሞ የዚያኑ ጎረቤት ልጅ ወደድሁ። ሽማግሌ ብልክ አባትየው፣ «ቁርጥ አባቱን ነው፤ ያንን አፍ ከቤቴ አላስገባም። ሙግት የማይወድ ከሆነ ግን እሁድ ይምጣና ልየው» አሉ።

እሁድ ጢሜን ተላጭቼ ሄድሁ። አባቴ ሲሄድ ይንጎራደድ ስለነበር እኔ እንደ ሙሽራ እየተሽኮረመምሁ ገባሁ። ሽማግሌዎቹ ተደርድረዋል፤ ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ናት።

«ዘንድሮ የዳሞታ ተራራ ዝቅ ያለ መሰለኝ» አሉ ጌታው፣ የልጅቷ አባት።

«ዝቅ ብሏል ጌታዬ።»

«ዝናብም ከታች ወደ ላይ ይሻለው ነበር።»

«በጣም እንጂ ጌታዬ።»

«ያቺ ኮርችስ? የኔ ናት አይደል?»

የአባቴ መልስ አፌ ላይ ደረሰ። ዋጥሁት። «የእርስዎ ናት።»

ከመጋረጃው ጀርባ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አገኘኋት፣ አልሁ በልቤ።

«ይገርማል» አሉ ጌታው፣ ቅር እንዳለው ሰው። «እንግዲያ በጠባይ አባትህን አትመስልም?»

«አልመስልም ጌታዬ።»

«ተው እንጂ! ትንሽ እንኳ?»

«በጭራሽ።»

«እኔ ግን እልሃለሁ፣ ቁርጥ እሱን ነህ።»

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ሸማዬን አደግድጌ፣ ዱላዬን ወድሬ፣ መሐል ቤት ዘለልሁና፣ «በበቅሎ ይግቡ! አባቴን እንደማልመስል በምስክር እረታለሁ!» ብዬ ጮህሁ። የምወራረድባት በቅሎ ቀርታ ልጓሟም አልነበረኝም።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ልጅቷ ከእጄ እንዳመለጠች ያን ጊዜ ገባኝ። ጌታው ግን አልሳቁም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ሞጋች አጥተው፣ ገበያ ዳር ብቻቸውን ሲያጉረመርሙ ይውሉ ነበር። ቀስ ብለው ተነሡና እሳቸውም ሸማቸውን አደገደጉ።

«ገባሁ!» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «እሱን! ቁርጥ እሱን!»

ልጅቷን ሰጡኝ። ለእኔ የሰጧት እንዳይመስላችሁ፤ ለሙግቱ ነው። ጫጉላዬ ሳያልቅ አንድ ማለዳ መጥተው ከነሚዜዎቼ እየነዱ ኮርቿ ሥር አቆሙኝ። ገበሬው በሬዎቹን አቁሞ ሊያየን ዞረ።

«የእርስዎ ናት ያልኸኝ ውሸትህን ነው» አሉኝ፣ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው። «በል፣ አባትህ እንዴት ነበር የሚለው?»

ነገርኋቸው። ድምፁ እንኳ የእኔ አልነበረም።